ስልካችን የማን በረኛ ነው?

በአንድ ቤት ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታመን የሚገባው ሰው በረኛው ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያይ፥ በቤቱ የሚነገረውን የሚሰማ፥ በሌሊትም በር ሲንኳኳ ተነሥቶ የሚከፍት እርሱ ነውና። በዚህ ዘመን ይህን ሥራ በየቤታችን የያዘው የእጅ ስልክ ሆኗል። ከዘመድ የሚመጣው ወሬ በእርሱ ይገባል፤ የሠራተኛ ደመወዝና የልጆች የትምህርት ቤት ገንዘብ በእርሱ ይወጣል፤ እመቤቲቱ ሐኪም የምትጠራው፥ ጌታውም ከመሥሪያ ቤቱ ጋራ የሚላላከው በእርሱ ነው። ስለዚህ ይህ በረኛ የማን ሎሌ እንደ ሆነ መመርመር የቤተ ሰብ ጕዳይ ነው እንጂ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንናገረው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ስለሚሠሩ የእጅ ስልኮች ነው። እነዚህን ስልኮች ለዕለት ጕዳይ ማዋል ይቻላልን? ይልቁንስ ከሱዳን ወሰን አጠገብ በመተማ፥ በገንዳ ውኃና በቋራ ቈላ ለሚኖር ቤተ ሰብ ይስማማሉን? ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

ማንኛውም ዘመናዊ የእጅ ስልክ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚገዛ አንድ ዋና ፕሮግራም በውስጡ አለው። የአገራችን ባለሙያዎች ሥርዓተ ክወና ይሉታል። ጥሪውን የሚቀበል፥ ባትሪውን የሚቈጣጠር፥ ካሜራውንና ማይክሮፎኑን የሚከፍትና የሚዘጋ ይህ ነው። እንግዲህ የስልኩ እውነተኛ ጌታ በእጁ የያዘው ሰው ሳይሆን ይህን ዋና ፕሮግራም የሚያዘው ነው ማለት ነው።

ሊኑክስ የተጀመረው በነሐሴ 1983 ዓ. ም. ነው። በዚያ ወራት ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ጐልማሳ፥ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፥ ለገዛ ኮምፒዩተሩ የሚሆን ሥርዓት መሥራት እንደ ጀመረ ለሌሎች አስታወቀ። ከእርሱ አስቀድሞ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በመስከረም 1976 ዓ. ም. ሰው ሁሉ ሊያነበው፥ ሊገለብጠው፥ ሊያርመውና ለሌላ ሊሰጠው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት ማሰቡን አስታውቆ ነበርና የሁለቱ ሥራ ኋላ ተጋጠመ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማእከሎች በብዛት የሚሠሩት በዚሁ በሊኑክስ ነው።

ይህ አሠራር በመሠረቱ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በጎንደር አድባራት የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ ጸሓፊው የቀደመውን እያየ ይጽፋል፤ ሊቁ ደግሞ አንብቦ የተሳተውን ፊደል ያርማል፤ የተገለበጠውም ወደ ሌላ ደብር ሄዶ እንደ ገና ይገለበጣል። መጽሐፉ ታሽጎ የሚቀመጥ ቢሆን ግን ስሕተቱን ማን ያየው ነበር? ሊኑክስም እንደዚሁ ያልታሸገ ጽሕፈት ነው። ማንበብ የሚችል ሁሉ ያነበዋል፤ ማረም የሚችልም እርማቱን ያቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በገበያችን የሚሸጡት አብዛኞቹ ስልኮች አንድሮይድ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው፤ የአንድሮይድም አስኳሉ ሊኑክስ ነው። ስለዚህ ብዙ አንባቢ ሳያውቀው ሊኑክስን በኪሱ ይዞት ይውላል። ዳሩ ግን በአስኳሉ ዙሪያ ያለውን የሚያዘጋጁት ጉግልና ስልኩን የሠራው ኩባንያ ናቸው። የትኛው ፕሮግራም ከስልኩ ጋራ ተጭኖ እንደሚመጣ፥ ስልኩም እስከ ስንት ዓመት እርማት እንደሚላክለት የሚወስኑ እነርሱ ናቸው። የሊኑክስ ስልክ ተብሎ ለብቻው የሚጠራው ግን ከአስኳሉ እስከ ላይኛው ልብሱ ድረስ ባለቤቱ ሊመረምረውና ሊለውጠው እንዲችል ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ከስልክ መረብ ጋራ የሚያገናኘው ክፍል የራሱ የታሸገ ፕሮግራም ስላለው ነጻነቱ ፍጹም ነው አይባልም፤ ቢሆንም ከሌላው የሰፋ ነው።

እንዲህ ያለውን ስልክ ለመሥራት ብዙዎች ደክመዋል። ኖኪያ በ2002 ዓ. ም. ኤን 900 የተባለውን ስልክ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ካኖኒካል የተባለው ኩባንያም ኡቡንቱ የሚባለውን ሥርዓቱን ወደ ስልክ አምጥቶ በየካቲት 2007 ዓ. ም. የመጀመሪያው የኡቡንቱ ስልክ በአውሮፓ ተሸጠ። ኡቡንቱ ማለት ከደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ሰብአዊነት ነው። በመጋቢት 2009 ዓ. ም. ግን ኩባንያው ትርፍ ስላላገኘበት የስልኩን ሥራ ተወው። ሌላ ሥራ ቢሆን በዚያው በቀረ ነበር፤ ይህ ግን ያልታሸገ ስለ ነበረ ዩቢፖርትስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከወደቀበት አንሥቶ ቀጠለው። በ2012 ዓ. ም. ደግሞ ሊብረም 5 እና ፓይንፎን የተባሉት ሁለት ስልኮች ለሊኑክስ ተብለው ተሠርተው ለገዢዎች መላክ ጀመሩ። ፓይንፎን ሲጀመር ዋጋው 150 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ሊብረም 5 ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው።

የእነዚህ ስልኮች ጥቅም በሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ምስጢር መጠበቅ ነው። ፓይንፎን ከጀርባ ክዳኑ ሥር ስድስት ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች አሉት፤ ሊብረም 5 ደግሞ በጎኑ ሦስት አሉት። ማይክሮፎኑ በማጥፊያው ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ስለሚቋረጥበት ማንኛውም ፕሮግራም በስውር ሊከፍተው አይችልም። የመንግሥት ምስጢር በአደራ የተሰጠው ሰው፥ ወይም ስለ ልጆቹ ጋብቻና ስለ ርስቱ ክፍያ በቤቱ የሚመክር አባት፥ በዚህ ነገር ልቡ ማረፉ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ቁጠባ ነው። አንድ ስልክ ገና ደኅና ሳለ ኩባንያው እርማት መላኩን ስላቆመ ብቻ ያረጃል። በግንቦት 2009 ዓ. ም. የተጀመረው ፖስትማርኬት ኦኤስ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ግን የተነሣበት ዓላማ አንድ ስልክ 10 ዓመት እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ሥርዓቱን በአሮጌ የአንድሮይድ ስልክ ላይ መጫን ስለሚቻል አዲስ ስልክ መግዛት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በረኛ የሚፈተነው በታማኝነቱ ብቻ አይደለም፤ በንቃቱም ነው። የማይሰርቅ፥ የማይሰልል፥ ሆኖም በሌሊት በር ሲንኳኳ የማይሰማ በረኛ ለቤቱ ምን ይጠቅማል? ስለ ሊኑክስ ስልክ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥያቄውም ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ እንደ መተማ ባለው የወሰን አገር ይከብዳል።

መተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 700 ሜትር ግድም የሆነ ቈላ ነው። በ1881 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ በዚያ በወደቁ ጊዜ ያ ከባድ ወሬ ወደ መካከል አገር የተጓዘው በእግረኛና በፈረሰኛ ነበር። ዛሬ ግን ወሬው ሁሉ በስልክ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ብዙ ሺሕ ሠራተኛ ወደ ቈላው ይወርዳል፤ ሠራተኛው መድረሱን ለእናቱ፥ ባለ እርሻውም የሰሊጡን ዋጋ ለነጋዴው በስልክ ይነግራል። በሚያዝያ 2015 ዓ. ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሺሕ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ተሻግረዋል። በካርቱም ዘመድ የነበረው ሰው በእነዚያ ቀናት ዐይኑን ከስልኩ ላይ አላነሣም። በእንዲህ ያለ ሰዓት የአንዲት ጥሪ መቅረት ምን ያህል እንደሚጐዳ መተረክ አያስፈልግም።

እንግዲህ የሊኑክስ ስልክ ንቁ ነውን? መልሱ ሁለት ወገን አለው። ባትሪው እንዳያልቅ ማንኛውም ስልክ ሥራ ሲፈታ ያንቀላፋል፤ ጥሪ ሲመጣ መረቡን የሚጠብቀው ክፍል ይቀሰቅሰዋል። በአንድሮይድ ስልክ ይህ ነገር ለብዙ ዓመት ስለ ተስተካከለ ባለቤቱ አያስበውም። ፓይንፎንን በያዙ ሰዎች ዘንድ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታወቀው ችግር ይህ ነበር፤ ስልኩ ከእንቅልፉ እስኪነቃ ድረስ ደዋዩ ተስፋ ቈርጦ ይዘጋል። እንዳያንቀላፋ ቢከለከል ደግሞ ባትሪው ማታ ሳይደርስ ያልቃል። በጎ ፈቃደኞች ብዙ ደክመው ነገሩን አሻሽለውታል፤ ነገር ግን በየስልኩ ዓይነትና በየሥርዓቱ ስለሚለያይ ሳይፈትኑ ማመን አይገባም።

በሌላ ወገን ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአሜሪካ ታላላቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ሦስተኛው ትውልድ የሚባለውን መረብ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2022 ዘግተውታል። ስለዚህ በዚያ አገር ድምፅ የሚሄደው በአራተኛው ትውልድ መረብ ሲሆን፥ ብዙዎቹ የሊኑክስ ስልኮች በዚያ መንገድ መነጋገር ያስቸግራቸዋል። በእኛ አገር ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ መረብ ገና ድምፅ ያደርሳሉ። ስለዚህ በኒውዮርክ ለመነጋገር የሚቸገር ስልክ በገንዳ ውኃ ያለ ችግር ሊያነጋግር ይችላል። ይህ ግን አሮጌው መረብ እስካለ ድረስ የሚቈይ ጥቅም መሆኑን አንርሳ።

ስለ ገንዘብም እንደዚሁ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ. ም. ጀምሮ በአገራችን ሲሠራ ቈይቷል፤ የባንኮችም አገልግሎት ወደ ስልክ ገብቷል። የእነዚህ አፖች የሚዘጋጁት ለአንድሮይድና ለአይፎን ነው። ዌይድሮይድ በሚባል መሣሪያ የአንድሮይድን አፕ በሊኑክስ ስልክ ውስጥ ማስኬድ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የገንዘብ አፖች ያላወቁትን ስልክ ሲያዩ ብዙ ጊዜ አንከፈትም ይላሉ። ዳሩ ግን የአገራችን ሰው ሌላ በር አለው። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ሲደውል ቴሌብር፥ ኮከብ 889 መሰላል ሲል የንግድ ባንክ ዝርዝር ይመጣለታል። ይህ መንገድ አፕም ኢንተርኔትም አይፈልግም፤ እንደ ጥሪ ሁሉ በስልክ መረቡ በኩል ያልፋል። በ2015 ዓ. ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቈየ ጊዜ፥ የድምፅ መስመር ባለበት ስፍራ ይህ የኮከብና የመሰላል መንገድ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ታይቷል። የሊኑክስ ስልክ ይህን መንገድ በደኅና ከያዘ የዕለት ገንዘብ ጕዳይን ይፈጽማል፤ ካልያዘ ግን በቈላው ላለ ቤተ ሰብ አይሆንም።

የቀረው ነገር ሙቀቱ፥ መስመሩና ፊደሉ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በመተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የስልክ ባትሪ በብርቱ ሙቀት ቻርጅ ሲደረግ ቶሎ ይጐዳል፤ ሥራ የሚበዛበት ስልክም በራሱ ይግላል። በዚህ በኩል የፓይንፎንና የሊብረም ባትሪ በእጅ ወጥቶ የሚለወጥ መሆኑ መልካም ነው፤ መለዋወጫው ግን በገንዳ ውኃ ሱቅ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ስለ መስመር የሆነ እንደ ሆነ፥ በወሰን ላይ የሚኖር ነጋዴ ብዙ ጊዜ አንድ የኢትዮጵያ አንድም የሱዳን ሲም ካርድ መያዝ ይፈልጋል፤ ፓይንፎን ግን የሚቀበለው አንድ ሲም ብቻ ነው። ስለ ፊደልም ማንበብና መጻፍ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። ፊደላችን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ስለ ገባ፥ የፊደሉ ቅርጽ ከተጫነ ማንኛውም የሊኑክስ ስልክ አማርኛን ሊያሳይ ይችላል። ለመጻፍ ግን በመስታወቱ ላይ የሚወጣ የአማርኛ መጻፊያ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በየሥርዓቱ ለብቻው የሚዘጋጅ ነገር ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ ይህን ስልክ ለመያዝ ያሰበ ቤተ ሰብ ሳይቸኩል አራት ፈተና ያድርግ።

አንደኛ፥ ሰባት ሌሊት ይፈትነው። ከቤተ ሰቡ አንዱ በሌላ ስልክ በልዩ ልዩ ሰዓት ይደውል፤ ስንት ጊዜ ደውሎ ስንት ጊዜ እንደ ጮኸ ይጻፍ። ከሰባቱ ሌሊት አንዱን እንኳ ዝም ብሎ ያደረ ስልክ ገና ለበረኝነት አልደረሰም።

ሁለተኛ፥ በኮከብና በመሰላል መንገድ ጥቂት ገንዘብ ለዘመድ ይላክበት። ዝርዝሩ መምጣቱ ብቻ አይበቃም፤ መልስ ሲጻፍለት ተቀብሎ እስከ መጨረሻው መፈጸሙ ይታይ።

ሦስተኛ፥ ሙሉ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፍበት፤ ቈላ፥ ኵራት፥ ጕዳይ የሚሉትን የመሰሉ ቃላትም ይግቡበት። የተላከለትም ሰው ፊደሉ ሳይበላሽ እንደ ደረሰው ይጠየቅ።

አራተኛ፥ ጧት ባትሪው ሞልቶ እርሻ ይውረድ፤ ማታ ሲመለስ ምን ያህል እንደ ቀረው ይታይ። የቤት ውስጥ ፈተና የእርሻን ሙቀት አይመሰክርም።

ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ድረስ የቀድሞው ስልክ ከእጅ አይውጣ። መውለጃዋ የቀረበ ሴት ወይም የታመመ ሽማግሌ ባለበት ቤት የመፈተኛው ስልክ ብቸኛ ስልክ መሆን ፈጽሞ አይገባውም። የነጻነትን መንገድ መሞከር የተመሰገነ ነው፤ የሙከራውን ዋጋ ግን ያልመከረበት ሰው መክፈል የለበትም።

በመሳቢያ ውስጥ የተጣለ አሮጌ የአንድሮይድ ስልክ ያለው ቤተ ሰብ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አለው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማር ልጅ ወይም ዘመድ ቢኖር ለዕረፍት ሲመጣ ይህን ሥራ ይስጡት። አስቀድሞ የስልኩ ስም በሥርዓቱ የስልኮች መዝገብ ውስጥ መኖሩን፥ ጥሪውና ካሜራውም መሥራት አለመሥራታቸውን ይመልከት፤ ሁሉም ስልክ አይቀበልምና። አዲሱ ሥርዓት ሲጫን የቀድሞው ሁሉ ስለሚጠፋ ሥዕሉና የስልክ ቍጥሩ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። የሚያስፈልገውንም ፕሮግራም ሁሉ ኢንተርኔት በደኅና ባለበት በጎንደር ከተማ ሳለ ያውርድ፤ ቈላ ወርዶ መፈለግ ያስቸግራልና። ስልኩ ቢበላሽ የጠፋ ገንዘብ የለም፤ ልጁ ግን የተዘጋውን ከፍቶ ማየትን ይማራል። እንዲህ ያለ ልጅ በየወረዳው ሲበዛ የሊኑክስ ስልክም ጠጋኝ የሌለው እንግዳ መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ነው። በዛሬው ሁኔታ አንድ ስልክ ብቻ ላለው የመተማ ቤተ ሰብ የሊኑክስ ስልክ ዋና በረኛ ሊሆን አይገባም። ሁለት ስልክ ላለው፥ ታግሦ ለሚፈትንና የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ላለው ግን ሁለተኛ ሆኖ ቢገባ መልካም ነው፤ አራቱን ፈተና ካለፈም ቀስ በቀስ ወደ ዋናነት ይምጣ።

ይህን ስልክ የማይዘው አንባቢም ከዚህ ነገር የሚወስደው ትምህርት አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ በሌላ ትእዛዝ የሚሠራ ዕቃም ቢያብለጨልጭ ሙሉ በሙሉ የራስ አይደለም። ስለዚህ በእጁ ያለውን የአንድሮይድ ስልክ ዛሬውኑ ይክፈትና ማይክሮፎኑንና ካሜራውን ለመጠቀም ፈቃድ የተሰጣቸው የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደ ሆኑ ይመልከት። ያለ ምክንያት የተሰጠውን ፈቃድ ይንሣ፤ የማይጠቀምበትን ፕሮግራም ያስወግድ፤ ስልኩም የሚቈለፍበትን ምስጢር ቍጥር ያኑር። እመቤቲቱና ልጆቹም እንዲሁ ያድርጉ። ይህን ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።